ኤኤምኤች ዝቅ ማለቱ «እንቁላልሽ አልቋል» ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የመካንነት ሕክምና በአገራችን እየተስፋፋ ሲመጣ ኤኤምኤች የሚባለውን ሆርሞን የሚለካው የደም ምርመራም አብሮ ተስፋፍቷል። ምርመራው ጠቃሚ ነው፤ ችግሩ አነባበቡ ላይ ነው። አንዲት የ31 ዓመት ሴት ውጤቷን ትቀበላለች፤ ወረቀቱ ላይ 0.8 የሚል ቁጥር አለ፤ ከጎኑ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ታትሟል። ሐኪም ዘንድ ከመድረሷ በፊት «እንቁላልሽ አልቋል» የሚላት አይጠፋም። ሌላዋ ደግሞ በ42 ዓመቷ 3.5 ታመጣና «እንቁላሌ ጥሩ ነው ተብያለሁ» ብላ ሕክምናውን ለከርሞ ታስተላልፋለች። ሁለቱም የተሳሳተ ነገር ተነግሯቸዋል። የሁለተኛዋ ስህተት ግን የባሰ ዋጋ ያስከፍላል፤ በዚያ ዕድሜ የሚያልፍ አንድ ዓመት ተመልሶ አይገኝም። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በዚሁ ሙያ ላይ ያለን ሰዎች ነን፤ ዓላማችንም ቁጥሩ የሚናገረውን ከማይናገረው ለይተን ለአንባቢዎቻችሁ ማስረዳት ነው።

ኤኤምኤች የሚመነጨው በኦቫሪ (በእንቁላል ዕጢ) ውስጥ ካሉት ትንንሽ ፎሊክሎች ነው። ፎሊክል እንቁላሏን በውስጡ ያቀፈ ከረጢት ነው፤ ሆርሞኑን የሚሠሩት በእንቁላሏ ዙሪያ የሚገኙት ግራኑሎሳ የተባሉ ሕዋሳት ናቸው። ከረጢቱ ገና ጥቂት ሚሊ ሜትር ሳለ ብዙ ያመነጫል፤ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲያልፍ ምርቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ በደም ውስጥ የሚለካው መጠን በዚያ ሰሞን ስንት ትንንሽ ፎሊክሎች እንዳሉ ይጠቁማል፤ ከዚያም በመነሣት በሆርሞን መርፌ ስንት እንቁላል ማሳደግ እንደሚቻል ያስገምታል። እንቁላሏ ራሷ ሆርሞኑን አትሠራውም። በውስጧ ያሉት የዘር መረጃ ተሸካሚ ክሮሞዞሞች የተስተካከሉ ይሁኑ አይሁኑ ለደም ምርመራው የሚደርሰው ወሬ የለም። በጎተራ ውስጥ ስንት ቁና እህል እንዳለ ማወቅ እህሉን ነቀዝ እንዳልበላው አያረጋግጥም።

የእንቁላል ጥራት ሲባል በዋናነት የክሮሞዞም ቁጥር መስተካከል ነው። ሴት ልጅ ገና በእናቷ ማሕፀን ሳለች፣ በ20ኛው ሳምንት ገደማ፣ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን የሚደርሱ እንቁላሎች ይኖሯታል። ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ይቀራሉ፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ 300 ሺህ ወይም 400 ሺህ ገደማ። እነዚህ እንቁላሎች ክፍፍላቸውን የጀመሩት ከመወለዷ በፊት ነው፤ ጀምረውም መሃል ላይ ቆመዋል። ክፍፍሉ የሚቀጥለው ከዓመታት በኋላ እንቁላሏ ልትወጣ ሰዓታት ሲቀሯት ነው። በዚህ ረጅም ቆይታ ክሮሞዞሞቹን አጣምረው የያዙት ፕሮቲኖች ይላላሉ፤ ክፍፍሉ ሲቀጥል አንዱ ክሮሞዞም ወደማይገባው ወገን ይሄዳል ወይም ይቀራል። ከዚህ የተነሣ የሚፈጠረው ሽል አብዛኛውን ጊዜ አይጣበቅም፤ ቢጣበቅም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጨናገፋል።

ይህ በዕድሜ ምን ያህል እንደሚጨምር የሚያሳይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል፤ ከ15 ሺህ በላይ ሽሎች ተመርምረውበታል። የክሮሞዞም ጉድለት ዝቅተኛ ሆኖ የተገኘው ከ26 እስከ 30 ዓመት ባሉ ሴቶች ነው። በ40 ዓመት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሽሎች ጉድለት ነበረባቸው፤ በ44 ዓመት ወደ 90 በመቶ ተጠግቷል። እንግዲህ የ42 ዓመቷ ሴት 3.5 ማምጣቷ ብዙ እንቁላል ሊወጣላት እንደሚችል ይነግረናል፤ የያንዳንዷ እንቁላል ዕድል ግን የ42 ዓመት ዕድል ነው። የ31 ዓመቷ ሴት በ0.8 የሚወጣላት ጥቂት ይሆናል፤ የያንዳንዷ እንቁላል ዕድል ግን የ31 ዓመት ነው።

በተፈጥሮ መንገድ ለመፀነስ ለሚሞክሩ ሴቶች ደግሞ ቁጥሩ የሚነግራቸው ከዚህም ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የተሠራ ጥናት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 44 የሆኑ፣ የመካንነት ታሪክ የሌላቸውን 750 ሴቶች ተከታትሏል። ከ0.7 ናኖግራም በታች የነበራቸው ሴቶች በስድስት የወር አበባ ዑደት ውስጥ የመፀነስ ዕድላቸው 65 በመቶ ሲሆን፣ መደበኛ መጠን ያላቸው 62 በመቶ ነበር። በአሥራ ሁለት ዑደት ደግሞ 84 እና 75 በመቶ። ልዩነቱ ዝቅተኞቹን የሚጎዳ አልነበረም። በየወሩ ለመፀነስ የምትፈለገው አንዲት እንቁላል ናትና ይህ ሊያስደንቀን አይገባም። የአሜሪካ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2019 ምርመራው የመካንነት ችግር ላልታየባቸው ሴቶች የመውለድ አቅም ትንበያ ሆኖ እንዳይሰጥ መክሯል። ገና ለማግባት የምታስብ ወጣት «የመውለድ አቅሜን ልወቅ» ብላ ገንዘቧን ብታወጣ የምታገኘው መልስ ለጥያቄዋ የሚሆን አይደለም።

ይህን ስንል ዝቅተኛ ቁጥር ችላ ይባል ማለታችን አይደለም። አይቪኤፍ (እንቁላልን ከአካል ውጭ ከዘር ጋር የማዳቀል ሕክምና) ለምትጀምር ሴት ቁጥሩ ብዙ ይጠቅማል፤ የመርፌው መጠን የሚወሰነው፣ ከአንድ ዙር ምን ያህል ሽል እንደሚጠበቅ የሚነገራት በእሱና በአልትራሳውንዱ ነው። በወጣትነት እጅግ ዝቅ ብሎ የወር አበባም ለአራት ወር ያህል ከተዛባ ወይም ከጠፋ ፎሊክልን የሚያሳድገው ሆርሞን፣ ኤፍኤስኤች፣ ይለካል። ከ40 ዓመት በታች ሆና ኤፍኤስኤች ከ25 ዩኒት በላይ ከሆነ ኦቫሪ ያለ ጊዜው እየደከመ ነው ማለት ነውና የክሮሞዞም ምርመራ፣ ሌላም ክትትል ያስፈልጋታል። የኦቫሪ ቋጠሮ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት የታሰበች፣ በተለይም ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን የመሰለ ሥጋ ከማሕፀን ውጭ የሚያድግበት ሕመም) ያለባት፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ብትለካ መልካም ነው፤ ቋጠሮው ሲወጣ ጤናማው የኦቫሪ ሥጋ አብሮ ሊሄድ ይችላልና።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚያው ነው።

በመጀመሪያ መለኪያው። አገር ውስጥም ሆነ አሜሪካ የሚሰጠው ውጤት አብዛኛውን ጊዜ በናኖግራም በሚሊ ሊትር ነው፤ በእንግሊዝና በብዙ የአውሮፓ አገሮች ደግሞ በፒኮሞል በሊትር ይጻፋል። 1 ናኖግራም 7.14 ፒኮሞል ነው። ለንደን የተለካች ሴት 7 የሚል ወረቀት ይዛ አዲስ አበባ ብትመጣና መለኪያው ሳይታይ ቢነበብ፣ ፎሊክል የበዛባት ተብላ የመርፌ መጠኗ ይቀነሳል፤ እውነተኛው ቁጥሯ ግን 1 ገደማ ነው። ግልባጩ ደግሞ ይበልጥ ያሰጋል። 5 ናኖግራም ያላት ሴት 5 ፒኮሞል እንዳላት ተቆጥራ ከፍተኛ መጠን ቢሰጣት ኦቫሪዋ ከልክ በላይ ሊነሣ ይችላል። ከውጭ አገር ውጤት ይዞ የሚመጣ ሁሉ ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውን መለኪያ ማሳየት አለበት፤ ቁጥሩን ብቻ በስልክ መላክ አይበቃም።

ቀጥሎ ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚወሰደው ባዮቲን የተባለ ቫይታሚን አለ። ሰውነት በቀን የሚፈልገው 30 ማይክሮግራም ያህል ነው፤ ዘመድ ከውጭ የሚልካቸው እንክብሎች ግን 5 ሺህ ወይም 10 ሺህ ማይክሮግራም የያዙ ናቸው። አንዳንዶቹ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ሆርሞን የሚይዙት ራሱን ባዮቲንን እንደ ማያያዣ ተጠቅመው ስለሆነ፣ ደሙ ውስጥ ባዮቲን ከበዛ ኤኤምኤችና ኤፍኤስኤች ከእውነተኛው ዝቅ ብለው፣ ከፎሊክሎች የሚወጣው ኢስትራዳዮል የተባለ ሆርሞን ደግሞ ከፍ ብሎ ሊነበብ ይችላል። አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ይህን በተሻለ ይቋቋማሉ። ቢሆንም ከምርመራው ሁለት ሦስት ቀን አስቀድሞ ማቆም ምንም አይጎዳም።

የወሊድ መከላከያም አለ። ኪኒን የሚወስዱ ሴቶች ኤኤምኤች ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ያህል ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ሲቆም በጥቂት ወራት ይመለሳል። ስለ ሦስት ወሩ መርፌ አንድ ነገር ማከል ግድ ይላል፤ በአገራችን ብዙ ሴቶች የሚጠቀሙት እሱን ነውና። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ፅንስ እስኪገኝ በአማካይ ዘጠኝና አሥር ወር ይወስዳል። በዚህ መሃል የወር አበባ ላይመጣ ይችላል። «መርፌው እንቁላሌን አደረቀው» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። መርፌው እንቁላሉ እንዳይወጣ ያደርጋል እንጂ ክምችቱን አይበላም፤ በዚያ ወቅት የሚደረግ የኤኤምኤች ምርመራ ግን ፍርሃቱን የሚያባብስ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል።

የናሙናው አያያዝም አለ። ደሙ ረግቶ ሴረሙ (ፈሳሹ ክፍል) ቶሎ ተለይቶ ካልቀዘቀዘ፣ በተለይ ወደ ሌላ ከተማ ወይም ወደ ውጭ ላቦራቶሪ የሚላክ ከሆነ፣ ውጤቱ ሊዛባ ይችላል። የተለያዩ መሣሪያዎች ለአንድ ደም የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ስለዚህ የዘንድሮውን ካምናው ለማወዳደር በአንድ ላቦራቶሪ መለካት ይሻላል። ያልተጠበቀ ቁጥር ሲመጣ የሚያስማማው አልትራሳውንድ ነው። የወር አበባ በመጣ በሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን በብልት በኩል በሚደረግ አልትራሳውንድ ከ2 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያሉት ፎሊክሎች በሁለቱም ኦቫሪ ይቆጠራሉ። ደሙ 0.4 ብሎ አልትራሳውንዱ 14 ፎሊክል ከቆጠረ አንዱ ተሳስቷል፤ መርፌ ከመጀመሩ በፊት ምርመራው ይደገማል። ኤፍኤስኤች ሲታዘዝም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከኢስትራዳዮል ጋር አንድ ላይ ነው የሚለካው። ኢስትራዳዮሉ ከ80 ፒኮግራም ከበለጠ ኤፍኤስኤችን ስለሚያፍነው «7 ነው፣ ደህና ነው» የተባለው ቁጥር ደህና ላይሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን ዕድሜ ነው። የጥራት ዋናው መለኪያ ዕድሜ ከሆነ፣ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ዕድሜ ትክክል መሆን አለበት፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ዕድሜ በብዙ መንገድ ይዛባል። 1980 ዓ.ም. የተወለደች ሴት በአውሮፓ አቆጣጠር የ1987 ወይም የ1988 ልጅ ናት። ቅጹ ላይ «1980» ብቻ ተጽፎ ኮምፒውተር ውስጥ ቢገባ ሰባት ስምንት ዓመት ታረጃለች። ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት ላይ ዕድሜያቸው ከፍ የተደረገ እህቶች ብዙ ናቸው። ወደ እስራኤል የገቡ ቤተሰቦችም ሲመዘገቡ የልደት ዘመናቸው በግምት የተሞላ አለ። እዚያ ደግሞ መንግሥት የአይቪኤፍን ወጪ የሚሸፍነው ሁለት ልጅ እስኪገኝ፣ በራሷ እንቁላል ከሆነም 45 ዓመት እስኪሞላት ስለሆነ፣ የመዝገቡ ዕድሜ ከሕክምና አልፎ የመብት ጉዳይ ይሆናል። ሐኪሙ የሚያሰላው በተነገረው ዕድሜ ነው፤ ፓስፖርቱ 41 እያለ እውነቱ 35 ከሆነ ምክሩ ሁሉ ይለወጣል። ሐኪም የፖሊስ ሠራተኛ አይደለም፤ የምታውቀውን እውነተኛ ዕድሜ መናገር ለራሷ ነው። እንድትናገር ማድረግ ደግሞ የእኛ ፋንታ ነው፤ ባልና አማት በተቀመጡበት «ዕድሜሽ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ እውነተኛ መልስ አያመጣም።

ሕክምናው ሲጀመር የሚለኩት ሆርሞኖችም እንዲሁ የተሳሳተ ትርጉም ይሰጣቸዋል። የኤፍኤስኤች መርፌ በቀን ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 300 ዩኒት ነው። ፎሊክሎቹ ሲያድጉ ኢስትራዳዮል ይወጣል፤ ለአንድ የበሰለ ፎሊክል ከ200 እስከ 300 ፒኮግራም ይጠበቃል። አልትራሳውንዱ ስምንት ትልልቅ ከረጢት እያሳየ ኢስትራዳዮሉ 500 ላይ ከቀረ ነገሩ ይመረመራል፤ መርፌው በትክክል ተወግቷል ወይ? መድኃኒቱስ እንዴት ተቀምጦ ነበር? ኤፍኤስኤች ፕሮቲን ነው። በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ በረዶ ቤት ከገባ ይበላሻል፤ ከማቀዝቀዣው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ በረዶ ከሠራም እንዲሁ። ከውጭ የሚያመጣ ሰው ጭነት ውስጥ ሳይሆን በእጅ ሻንጣው ይያዘው።

ዝቅተኛ ኤኤምኤች ያላት ሴት መጠኑን በመጨመር ብዙ እንቁላል ታገኛለች የሚለው እምነት ገንዘብ ይፈጃል። ከ300 ዩኒት በላይ መስጠት የሚወለዱትን ልጆች ቁጥር እንደማይጨምር ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል፤ የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር መመሪያም አይደግፈውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መርፌው የሚያሳድገው ተሰልፎ የተገኘውን ፎሊክል ነው፤ ያልተሰለፈውን አይፈጥርም። በ75 ዩኒት ጠርሙስ ሲሰላ በቀን 300 ለአሥር ቀን 40 ጠርሙስ ነው፤ 450 ደግሞ 60። የሃያው ጠርሙስ ዋጋ ለሁለተኛ ዙር ቢቀመጥ ይሻላል።

ሌላው ማሕፀንን ለሽል የሚያዘጋጀው ሆርሞን፣ ፕሮጄስትሮን፣ ነው። የኤፍኤስኤች መርፌው በሚያበቃበት በመጨረሻው ቀን ከ1.5 ናኖግራም ሲበልጥ ሐኪሙ ሽሎቹ በረዶ ውስጥ እንዲቆዩ ሊወስን ይችላል። ብዙዎች ይህን «ሆርሞኑ ከፍ ብሎ እንቁላሉ ተበላሸ» ብለው ይረዱታል። የተበላሸ እንቁላል የለም። ፕሮጄስትሮኑ ያለጊዜው ሲነሣ የማሕፀኑ ግድግዳ ሽሉን ከሚቀበልበት ቀን ቀድሞ ስለሚበስል ነው የሚጠበቀው፤ ሽሉ በሌላ ወር ይመለሳል።

ከፍተኛ ኤኤምኤች ደስታ ብቻ አይደለም። ፎሊክል የበዛባቸው ሴቶች፣ በተለይ ፒሲኦኤስ (ትንንሽ ፎሊክሎች በኦቫሪ የሚበዙበት የሆርሞን መዛባት) ያለባቸው፣ ኦቫሪያቸው ከልክ በላይ ሊነሣ ይችላል። ሆድ በፍጥነት መነፋት፣ በቀን ከአንድ ኪሎ በላይ ክብደት መጨመር፣ ትውከት፣ የሽንት መቀነስ፣ የትንፋሽ ማጠር ከታየ ቤት ተቀምጦ መጠበቅ የለም፤ ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ይህን ለመከላከል መጠኑ ዝቅ ይላል፣ ኤችሲጂ በተባለው የማብሰያ ሆርሞን ፈንታ ትሪፕቶሬሊንን የመሰለ ማብሰያ መርፌ ይሰጣል፣ ሽሎቹም ይቀመጣሉ።

የማብሰያው መርፌ ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ፎሊክሎቹ ከ17 እስከ 22 ሚሊ ሜትር ሲደርሱ ይሰጣል፤ እንቁላሎቹ ቆሞ የነበረውን ክፍፍል የሚቀጥሉት በዚህ መርፌ ነው፤ ሐኪሙ የሚቀዳቸውም መርፌው ከተሰጠ ከ34 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። እዚህ ላይ የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከባድ አደጋ አለው። ወረቀቱ ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር ሰኞ ማታ 10፡00 ተብሎ ከተጻፈ ከምሽቱ 4 ሰዓት ማለት ነው፤ እንቁላሉ ረቡዕ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይቀዳል። «10 ሰዓት» የሚለውን ብቻ አይታ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ብትወጋ ስድስት ሰዓት ዘግይታለች፤ በ30 ሰዓት ሲቀዳ ያልበሰሉ፣ ከከረጢቱ ግድግዳ ያልተላቀቁ እንቁላሎች ይገኛሉ ወይም ጭራሽ አይገኝም። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ብትወጋ ደግሞ 42 ሰዓት ይሞላና እንቁላሎቹ ቀድመው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ «እንቁላልሽ ጥራት የለውም» ቢባል ውሸት ነው። የምትወጋበትን ሰዓት በአማርኛ፣ ቀኑን ጠቅሶ፣ «ሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት» ብሎ መጻፍ፤ ከዚያም በዚያው ምሽት ደውሎ ማረጋገጥ ነው።

በመቅዳቱ ቀን ላቦራቶሪው ውስጥ የሚታየው ይህ ነው። ከአንድ 18 ሚሊ ሜትር ፎሊክል 3 ሚሊ ሊትር ያህል የገለባ ቀለም ያለው፣ አንዳንዴ በደም የቀላ ፈሳሽ ይወጣል። በ37 ዲግሪ ሙቀት ላይ በተቀመጠ ሳህን ተገልብጦ በማይክሮስኮፕ ይፈለጋል። በዓይን ሊታይ የሚችለው እንቁላሏን የከበበው ዝልግልግ ደመና ነው፤ እንቁላሏ ራሷ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ናት። ደመናው ሲገፈፍ ከጎኗ ፖላር ቦዲ የምትባል ትንሽ ክብ ከታየች በስላለች። ባለሙያው የሚያየው ይህን ነው፤ ቅርጿን፣ ብስለቷን። ክሮሞዞሟን በማይክሮስኮፕ የሚያይ ዓይን የለም፤ ያማረች እንቁላል ጎዶሎ፣ ያላማረችው ደግሞ ሙሉ ሆና ትገኛለች። አሥር ቢወጡ ሰባት ስምንቱ የበሰሉ፣ አምስት ስድስቱ የሚዳቀሉ፣ ሁለት ሦስቱ አምስተኛ ቀን የሚደርሱ ይሆናሉ። ይህ መቀነስ የተለመደ ነው፤ አስቀድሞ ካልተነገረ ግን በየቀኑ የሚመጣው ስልክ መርዶ ይመስላል።

ላቦራቶሪውም ጥራቱን ሊጎዳ ይችላል፤ ለአዲስ አበባ የተለየ ጉዳይም አለ። ሽሉ የሚያድግበት ፈሳሽ አሲዳማነቱ (ፒኤች) ከ7.2 እስከ 7.4 መቆየት አለበት፤ ይህን የሚጠብቀው በማሞቂያው ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በባሕር ጠለል ደረጃ 6 በመቶ የሚበቃው ከተማችን ባለችበት ከፍታ አይበቃም፤ የአየር ግፊቱ በሩብ ያህል ስለሚያንስ ወደ 8 በመቶ ማስጠጋት ያስፈልጋል። ከመሣሪያው ጋር የመጣውን ቁጥር እንዳለ መተው ፈሳሹን አልካላይ ያደርገዋል። መፍትሔው በማሳያው ላይ ያለውን በመቶኛ ማመን ሳይሆን የፈሳሹን አሲዳማነት በየጊዜው መለካት ነው።

ጥራትን እናሻሽላለን ስለሚሉት ነገሮች ደግሞ በአጭሩ። ዲኤችኢኤ የተባለው ሆርሞን፣ ኮኪው10 የተባለው ተጨማሪ ንጥረ ነገር፣ የእድገት ሆርሞን፣ ከራሷ ደም የተዘጋጀ ፒአርፒ ኦቫሪ ውስጥ መውጋት፤ አንዳቸውም የሚወለድ ልጅ ቁጥር እንደሚጨምሩ በጠንካራ ጥናት አልተረጋገጡም። ኮኪው10 በወጣት ሴቶች ላይ በተደረገ ሙከራ የእንቁላልና የጥሩ ሽል ቁጥር ከፍ ማለቱ ታይቷል፤ በልጅ መወለድ ላይ ግን ግልጽ ልዩነት አላመጣም። ለመሞከር የሚፈልግ ሰው ጉዳቱ አነስተኛ ነው። ዲኤችኢኤ ግን ወንዴ ሆርሞን ነው፤ ብጉር፣ የፊት ፀጉር ያመጣል፤ ሐኪም ሳያውቅ አይወሰድም። ፒአርፒ አሁን በሚጠየቅበት ዋጋ መሸጥ የለበትም የሚል ጽኑ እምነት አለን። ፎሊክል በመጨረሻው የእድገት ጉዞው 85 ቀን ያህል ስለሚወስድ «ሦስት ወር ውሰጂ» የሚለው ምክር መነሻ አለው፤ በዚያ ሦስት ወር በእርግጥ የሚጠቅመው ግን ሲጋራና ሺሻ ማቆም ነው። ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮግራም መጀመር አለባት፤ ይህ ለእንቁላሉ ሳይሆን በአገራችን ለበዛው የጽንስ የነርቭ ዘንግ ጉድለት መከላከያ ነው። የ39 ዓመት ሴት ግን «መጀመሪያ ስድስት ወር ቫይታሚን» ተብላ እንድትጠብቅ መደረግ የለባትም።

ኤኤምኤች ከመታዘዙ በፊት የሚቀድሙ ሁለት ምርመራዎች ይዘለላሉ፤ የባልየው የዘር ምርመራና የማሕፀን ቱቦ ራጅ። ከመካንነት ችግር ግማሽ በሚሆነው የወንዱ ድርሻ አለበት፤ በአፍሪካ ከሰሐራ በታች ደግሞ በኢንፌክሽን የተዘጋ ቱቦ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነው። የዘር ናሙና ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ይሰጣል፤ ከሆርሞን ምርመራ ይረክሳል፤ ሚስት ሦስት ዓመት ስትመላለስ ባል አንድ ጊዜ ሳይመረመር የሚቀርበት ምክንያት ከሕክምና ጋር ግንኙነት የለውም። ቱቦዋ ለተዘጋ ሴት 4 ናኖግራም ያለው ኤኤምኤች ያለ አይቪኤፍ ልጅ አይሰጣትም።

ጋዜጣችሁ ለጤና ጉዳይ የሚሰጠውን ቦታ ስለምናከብር ሁለት ነገር እንለምናለን። «የመውለድ አቅምዎን በአንድ የደም ጠብታ ይወቁ» የሚል ማስታወቂያ ሲቀርብላችሁ፣ ምርመራው የፎሊክልን ብዛት እንጂ የእንቁላልን ጥራት እንደማይለካ በዚያው ገጽ እንዲጻፍ ጠይቁ። ላቦራቶሪዎችንም በዓምዳችሁ አሳስቡልን፤ በውጤት ወረቀታቸው ላይ መለኪያውን፣ የመሣሪያውን ዓይነት፣ በዕድሜ የተከፈለውን መደበኛ መጠን ያትሙ፤ ደም የሚቀዳው ባለሙያም ስለ ባዮቲን፣ ስለ ወሊድ መከላከያና ስለ ትክክለኛው የልደት ዘመን ጠይቆ መልሱን በማዘዣው ላይ ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር
በመካንነት ሕክምና ላይ የምንሠራ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ